የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሁሉ ያለቀ ሞተር አይደለም

የብዙ ቤተሰብ መኪና ዛሬ 20 እና 30 ዓመት የሞላት ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለችውን አስታሞ መያዝ የግድ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ የትራፊክ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር እንደ ወባ በሽተኛ የምትንቀጠቀጥ መኪና የቤቱን ሁሉ እንቅልፍ ትነሣለች።

እንዲህ ያለችውን መኪና ጋራዥ ሲወስዷት ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይሰማሉ። አንዱ "ካንዴላ ቀይሩ፤ ካልሆነ ገመድ፤ ካልሆነ ፓምፕ" የሚል የግምት ጉዞ ነው። ሁለተኛው "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" የሚል ፍርድ ነው። ሁለቱም ኪስ ያራቁታሉ። ከወጪው በፊት ግን ሊደረጉ የሚገባቸው፣ አብዛኞቹም ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ፍተሻዎች አሉ። እኔ የተማርኳቸው በቤታችን መኪና ነው።

የእኛዋ በፈረንጆች 1996 የተሠራች ባለ 4 ሲሊንደር ቶዮታ ኮሮላ ናት። እናቴን በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምናመላልሳት በእሷ ነው። ከእጥበት የወጣ ሰው የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አይችልም። አምና ክረምት ላይ መኪናዋ ሚኒሞ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረች፤ አንዳንዴም መስቀለኛ መንገድ ላይ ጥፍት ትላለች። የወሰድናት ጋራዥ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ለካ፤ 9 ባር ገደማ አገኘ። "መጽሐፉ ከ12 በላይ ይላል፤ ይሄ ሞተር ትንፋሽ የለውም፣ መውረድ አለበት" አሉን። የተጠየቅነው ገንዘብ ለእናቴ እጥበት ካስቀመጥነው የአምስት ወር ወጪ ጋር የሚስተካከል ነበር። ባለቤቴና እኔ መኪናዋን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን፤ በማግስቱም ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉትን የሠፈራችንን ጡረተኛ መካኒክ አማከርን። በሠፈሩ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው።

ጋሼ መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ጥያቄ አነሡ። "ልጄ፣ የምትንቀጠቀጠው መቼ ነው? ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ?"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። መኪናዋ ቆማ ሰላም ሆና፣ ፍጥነት ስትጨምር ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱን ሞተሩ ላይ አይፈልጉ፤ የጎማ ባላንስ ወይም የእግር ክፍል ችግር ነው። የሞተሩ ድምፅ እኩል ሆኖ፣ የዙር መቁጠሪያውም ቀስት ሳይወዛወዝ የመኪናው አካልና ወንበሩ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሱፖርት ነው። ሱፖርት ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ የብረትና የጎማ ድጋፍ ነው። ጎማው ሲቀደድ የጤነኛ ሞተር እንቅስቃሴ ሳይቀር በቀጥታ ወደ ወንበርዎ ይመጣል። ኤሲ ሲከፈት ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ብቻ ዙሩ የሚወርድ ከሆነ፣ የአየር ማስገቢያው በር በጥላሸት መዘጋቱ ወይም ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ መቆሸሹ ይጠረጠራል፤ ብዙ ጊዜም ማጽዳት ይበቃዋል።

የእኛዋ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ቀስቱ ይወዛወዛል፤ የጭስ ማውጫው ድምፅም አንድ ምት እንደሚዘል ከበሮ ነው። ጋሼ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ራቅ አድርገው ወረቀት ያዙ። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን በእኩል ትንፋሽ ይገፋዋል፤ የእኛው በየመሀሉ ያቋርጣል። ይህ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን እንዳልሠራ ያመለክታል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 400 ጊዜ ይተኩሳል፤ አራቱ ሲደመሩ 1,600 ይሆናሉ። አንዱ ሲሞት ሞተሩ በየሰከንዱ ከስድስት ጊዜ በላይ ይደናቀፋል ማለት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ምቶቹ ስለሚቀራረቡና የሚሽከረከረው ብረት ጉልበት ስለሚይዝ ክፍተቱ ይሸፈናል። "ስትሄድ ደህና ናት፣ ስትቆም ነው የምትታመመው" የምንለው ለዚህ ነው።

የትኛው ሲሊንደር እንደሞተ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ አንድ በአንድ ሥራ ያስፈቷቸዋል። አንዱ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ተቋርጦ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን የሞተው እሱ ነው። የካንዴላ ገመድ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከም ይህን በባዶ እጅ መሞከር አይገባም። ጋሼ የኢንጀክተሩን ሶኬት መንቀልን ይመርጣሉ፤ ነዳጁ ስለሚቋረጥ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄድ ነገር አይኖርም። ሥራው የባለሙያ ነው፤ እኛ ግን "ተሠርቷል ወይ?" ብለን መጠየቅ እንችላለን። በእኛ መኪና ሦስተኛው ሲሊንደር ቢቋረጥም ባይቋረጥም ለውጥ አልነበረውም።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ካንዴላዎቹ ወጡ። ካንዴላ የሲሊንደሩን ጤና ይናገራል። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ የነዳጅ ማነስን ወይም የሙቀት መብዛትን ይጠቁማል። ጫፉ በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየገባ ነው። የሦስተኛው ጫፍ በቤንዚን ሸትቷል፤ ዘይት ግን አልነካውም። ዘይቱ የነበረው ከላይ ነው፤ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ የገመዱን ላስቲክ አብስብሶት ነበር። የተበላሸ ላስቲክ እሳቱን ወደ ጎን ያፈሰዋል፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ አይደርስም።

"ታዲያ የ9 ባሩ ነገርስ?" አልኳቸው። ጋሼ ፈገግ አሉ። "አራቱም ስንት ስንት ነው ያነበቡት?" ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ አራቱም ቁጥሮች ለአንድ ወፍጮ የተመዘኑ ይመስል እኩል ነበሩ። "ልጄ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው።"

የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚጨምቀው የሚያገኘውን አየር ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ገደማ ቢያሳይ አያስገርምም። ስለዚህ በደጋ ከተማ ዋናው ጥያቄ ቁጥሩ ከመጽሐፉ አነሰ ወይ ሳይሆን፣ አራቱ እርስ በርስ ይቀራረባሉ ወይ የሚለው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ ፋሻው ላይ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋስኬት ይጠረጠራል። "ይውረድ" ለማለት ቢያንስ እዚህ መድረስ ያስፈልጋል።

ከፍታው በካርቡሬተር በሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ላይ ሌላ ጣጣም አለው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞውም ይደናቀፋል። ወደ ቆላ ስትወርድ ደህና ሆና አዲስ አበባ ስትመለስ የምትታመም መኪና ካለችዎ፣ ከሞተሩ በፊት ካርቡሬተሩን ያስተካክሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የአየር ቱቦ ወይም የቫኪዩም ጎማ ተሰንጥቆ አየር ሲያስገባም ሚኒሞ ይበላሻል፤ ፉጨት መሰል ድምፅም ሊሰማ ይችላል። ይህን ለማግኘት በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። እሳት ያስነሣል፤ ፈጽሞ አይፍቀዱ። በጎማዎቹ መጋጠሚያ ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ክፍሎች ርቆ፣ ጥቂት የሳሙና ውኃ መርጨት ይበቃል፤ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል።

ለእኛ መኪና የተገዛው የቴስታታው ክዳን ጋስኬት፣ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ጎሚኒዎች፣ አራት ገመድና አራት ካንዴላ ነው። ሁሉንም ባለቤቴ ከሶማሌ ተራ ገዛ። መኪናዋ ዙሯ እኩል ሆነ፤ ጥቂት መርገብገብ ቀርቶ ስለነበር በሳምንቱ አንድ የተቀደደ ሱፖርት ተቀየረ። ሞተር ለማውረድ ከተጠየቅነው አንድ አሥረኛውም አልወጣም። የእናቴ የእጥበት ገንዘብ እንደተቀመጠ ነው።

ጋራዡ ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ አይደለም። በእርግጥ ያለቀ ሞተር አለ፤ ሲያልቅም መውረዱ አይቀርም። ነገር ግን ከመስማማትዎ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ፤ የትኛው ሲሊንደር ነው የማይሠራው? ካንዴላው ምን ይመስላል? የጠረጠራችሁትን ካንዴላ ወይም ገመድ ወደ ሌላው ሲሊንደር አዛውራችሁ ጥፋቱ አብሮ መሄዱን አይታችኋል? የአራቱም ኮምፕሬሽን ስንት ስንት ነው? መልሱንም በወረቀት ላይ ያስጽፉ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ እንዲያውም ቦኔቱን ከፍቶ "ነይ እይው" ይላል።