ድብ ባሕር ባሕር የለም! የጫጉላ ዕረፍታችሁን የት አሰባችሁ?

ሰርጉ አንድ ወር ቀርቶታል። ሙሽሪትና ሙሽራው ግን ተኮራርፈዋል። ጠቡ የጥሎሽ ወይም የአዳራሽ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። “ጫጉላችንን የት እናሳልፍ?” የሚል ነው።

እሷ በቴሌቪዥን ያየቻት አንዲት የካሪቢያን ደሴት ከዓይኗ አልጠፋ ብላለች። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውሃ! “ከተማሪነቴ ጀምሮ ሩጫ ነው፤ አንዴ እንኳ ውሃ ዳር ተጋድሜ ልረፍ” ትላለች። እሱ የደባርቅ ልጅ ነው። “ባሕር ከሆነ የፈለግሽው እኛ ዘንድ ድብ ባሕር አለልሽ” ብሎ ቀለደባት። አገሩን የሚያውቅ ይስቃል። ድብ ባሕር ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳችሁ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። ባሕሩ ያለው ስሟ ላይ ብቻ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። “ገና ሳንጋባ ምኞቴ መቀለጃ ከሆነ ሰርጉም ይቅርብኝ” እስከማለት ደረሰች።

ለመሆኑ ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የረሱት ነገር አለ።

የካሪቢያን ጉዞ ቪዛ፣ የውጭ ምንዛሪና አውሮፕላን እየቀያየሩ መብረርን ይጠይቃል። ባሕር ግድ ከሆነ ዛንዚባርና ሞምባሳ ይቀርባሉ። በሌላ በኩል እሱ የረሳው ደግሞ ይብሳል፤ ሙሽራ አገሩ ገብቶ አያርፍም! ጠዋት አክስት ቤት፣ ቀን አጎት ቤት፣ ማታ ጎረቤት። “ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ” ሲባል ይመሻል። ሙሽሪት ደግሞ ተሸልማ፣ አንገቷን ደፍታ ስትታይ ትከርማለች። ይሄ ዘመድ ጥየቃ ነው፤ ደስ ይላል፣ ዕረፍት ግን አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ቀናችሁን ቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ሲያገባ ደግሞ 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል። ተደምሮ 19 ነው። ከዚህ ላይ የመልሱንና የቅልቅሉን ቀን ቀንሱ። የተረፈው ነው የእናንተ።

ቀጥሎ ውሃውን አስቀድሙ፣ ዘመዱን አስከትሉ። ሰሜን ከሄዳችሁ መነሻችሁ ጎንደር ትሁን። በስተደቡብ ጣና ዳር ጎርጎራ አለች፤ ጥላ ሥር ተጋድሞ ውሃ ለማየት የምትመች ናት። ብልሃርዚያ ስላለ ግን ጣና ውስጥ አትዋኙ፤ መዋኘት ያማረው ወደ ላንጋኖ ይውረድ። እዚያ ጠግባችሁ ከተኛችሁ በኋላ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ግቡ። ለእማማ “ሁለት ቀን ነው የምንቆየው” ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይነገር የተሄደ እንደሆነ ሁለቱ ቀን ሳምንት ይሆናል!

ደባርቅ ድረስ ሄዶ ስሜንን ሳያዩ መመለስም ነውር ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ምዝገባው እዚያው ደባርቅ ነው። ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያዙ። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ቁጭ ብሎ ማየት በራሱ ያሳርፋል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን መንገዱን እዚያው ያሉ ሰዎችን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የተነሳ የአንዱ ሳምንት መንገድ እንደሌላው ሳምንት አይደለም። ካልሆነ ላንጋኖን ያዙና ደባርቅን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የኛዎቹ ሙሽሮችስ? እሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ እናቱ ዘንድ ደውሎም “መጀመሪያ እናርፋለን፣ ከዚያ እንመጣለን” አለ። እሷን ያስታረቃት ውሃው ሳይሆን ይቺ ስልክ ናት። ደሴቲቱ ትቆይ፤ ባል ለሚስቱ ዕረፍት ከተሟገተላት ጫጉላው ያኔ ተጀመረ ማለት ነው።

መልካም ጋብቻ፣ መልካም ዕረፍት!