ጡረተኛው ከተማቸውን ሊያዩ ወጡ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የዚህ ተረት እውነትነት የተገለጠልን ባለፈው ሰሞን ከአንድ ጡረተኛ ጋር አዲስ አበባን በእግራችን በጐበኘን ጊዜ ነው። እኒህ ሽማግሌ ሠላሳ አምስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት አገልግለዋል። ዛሬ ከዘራቸውን ይዘው ሐውልትና የመንገድ ዜማ ፍለጋ ይዞራሉ። «ይህስ ጊዜ ማባከን አይደለምን?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ዕድሜዬን ሙሉ በአጠገቡ እያለፍሁ ሳላየው የቀረሁትን ነው የማየው» ሲሉ መለሱልን።

ጉዟችን የተጀመረው ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ከቆመው የድንጋይ አንበሳ ነው። ይህን ሐውልት ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው በ1948 ዓ/ም ለተከበረው የንጉሠ ነገሥቱ የኻያ አምስት ዓመት የዘውድ በዓል ነው። የተፈጥሮ አንበሳ አይመስልም የሚሉ አሉ። ሽማግሌው ግን፥ «ቀራጺው ጠጕሩን አንድ በአንድ አልቈጠረም፤ ግርማውን ብቻ ከድንጋዩ አወጣው» አሉን።

ከዚያ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረድን። እዚያ ያለው የይሁዳ አንበሳ በ1923 ዓ/ም የቆመ ነው። ጠላት በ1928 ዓ/ም ከተማውን ከያዘ በኋላ ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በሮም አደባባይ በቁጣ ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ምክንያት መሆኑ ይነገራል። አንበሳው ከድል በኋላም ብዙ ዓመት በስደት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጊዮርጊስ አደባባይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም በወረራው ዘመን ከቦታው ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ ሐውልት ተራ ድንጋይና ነሐስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ጠላት ለምን ይህን ያህል ይደክምበት ነበር?

በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ያላየ ተማሪ ቢኖር ብዙ ቀርቶበታል። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ/ም ሲሆን፥ ሥዕሉ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ፥ የዛሬና የወደፊት ዘመን ያሳያል። ብርሃን ሲያልፍበት ቀለሙ ሕይወት ይዘራል።

በመጨረሻ ስለ ላሊበሎች ብናነሣባቸው የሽማግሌው ፊት ጠቈረ። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው የሚያዜሙ ናቸው። መሣሪያ አይዙም፤ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው ያስገቡታል፤ ሲሰጧቸውም መርቀው ይሄዳሉ። ካላዜምን ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባቶቻቸው ወርሰዋል።

«ወጣት ጸሓፊ ሳለሁ» አሉ ሽማግሌው፥ «አንድ ንጋት በደጄ ቆመው ስሜን ሲጠሩ፥ እንቅልፍ ነሡኝ ብዬ በዘበኛ አስባረርኋቸው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፥ እንጀራና ሳንቲም ይዛ ብትከተላቸው አልደረሰችባቸውም። ያን ዕለት ሳታነጋግረኝ ዋለች።»

አሁን የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ላሊበላ ከየትኛው ደጅ ቆሞ፥ የማንን ስም ይጥራ? ስለዚህ በአሮጌ ሰፈር ካሉ ዘመዳቸው ቤት እየሄዱ ያድራሉ። እኛም አብረናቸው አደርን። በሦስተኛው ሌሊት ድምፁ ተሰማ። ወንዱ ሲጀምር ሴቲቱ ተቀበለች፤ የጠሩት ግን የሽማግሌውን ስም ሳይሆን የአንዲት ሴት ስም ነበር። ለካ ሽማግሌው አስቀድመው ለጎረቤቱ የእናታቸውን ስም ነግረውት ኖሯል! በር ከፍተው ወጡ፤ የያዙትን በሁለት እጃቸው ሰጡ፤ ምርቃቱ እስኪያልቅም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

የተወሰደ ሐውልት ሊመለስ ይችላል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ዓ/ም ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ/ም ተመልሷል። ሰሚ ያጣ ዜማ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ከወዴት ይመለሳል? ወጣቶች ሆይ፥ ለማየትና ለመስማት ጡረታን አትጠብቁ።