ካሜራ ልቀይር ወይስ ልድገም?

ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ከገባ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ካነን 600ዲ ነው ያለኝ፣ ወደ ሚረርለስ ልግባ?» «ቦዲ ይቅደም ሌንስ?» «የጎንደር ልጆች አዲስ ካሜራ ይዘው ሠርግ መጡብን፣ በምን ልቋቋማቸው?» ለእያንዳንዱ በድምፅ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ራሴ ሁለት ወር ሙሉ ይኸው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ትናንት ማታ ቆረጥኩ። እንዴት እንደቆረጥኩ እነሆ፤ ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ የያዝኩትን ላሳያችሁ። አንድ ያገለገለ ካነን 6ዲ አለኝ። እላዩ ላይ ሁልጊዜ ተገጥሞ የሚውል 24-105 ኤፍ 4 ሌንስ አለ። ከድሮው 600ዲ የተረፈችኝ ትንሿ ሃምሳ፣ ኤፍ 1.8፣ አለች። 600ዲውን ራሱን ሸጬዋለሁ፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ሥራው ደግሞ የሰሊጥ ቆላ የሆነችው ከተማችን፣ የአብደራፊ ሥራ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ለአረም፣ ቀጥሎ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ፣ እዚሁ እርሻ ላይ የሚከርመው ሳሉግ፣ ገንዘብ ሲይዝ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ስቱዲዮ ይመጣል፤ ለእናቱ የሚልከው ፎቶ ነው። ለዚህ የትኛውም ካሜራ ይበቃል። ጉርድ ፎቶ ድሮ የቤት ኪራይ ይሸፍን ነበር፤ የፋይዳ መታወቂያ ሰውን እዚያው መመዝገቢያው ላይ ማንሣት ከጀመረ በኋላ ግን ቀዝቅዟል። እንጀራው ያለው ጥር ላይ ነው። ሰሊጥ ተቆርጦ፣ ነዶው ሂላ ሆኖ ቆሞ፣ ደርቆ፣ ተራግፎ ሲሸጥ ሠርግ ይደገሳል፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ እንሮጣለን።

ነገሩ የጀመረውም ባለፈው ጥር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የአንድ ባለ እርሻ ልጅ ታገባለች። ዳሱ ውስጥ ጨለማ፣ ውጭ የሚያሳውር ፀሐይ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ብርሃን አነሰኝና ሃምሳዋን ልግጠም ብዬ ወደ ጥግ ዞርኩ። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁ፣ ካሜራውን ወደ መሬት ደፋሁ፣ የሌንሱን ክዳን በጥርሴ ያዝኩ። ገጥሜ ቀና ስል ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ተነሥታለች። እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አገኘኋት፤ ስትሳም ግን አላገኘኋትም።

አልበሙን ያስረከብኩ ቀን አባትየው ቅጠል በቅጠል ገለጡት። ስለ ጥራት ቃል አልተነፈሱም። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩና «ልጄ፣ እናቷን የሳመችበት የታለ?» አሉኝ። አላነሣሁትም አልኩ። ይባስ ብዬ «ሙሽሮቹ ለፋሲካ ሲመጡ ደግመን እናንሣው» አልኳቸው።

«ጉልበት ለፎቶ ብሎ ይሳማል እንዴ?» ብለው አልበሙን ዘጉት። ቀሪውን ሂሳብ ግን አንድ ብር ሳያጎድሉ ቆጥረው ሰጡኝ። ቢያጎድሉብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የካሜራ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ዕቃ ያን ቀን እጄ ላይ ቢኖር ፎቶውን ያድንልኝ ነበር?

ከፒክስል እንጀምር፤ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። እዚህ ትልቁ አልበማችን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ ለማተም 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል፤ 17 ሜጋ ፒክስል አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 600ዲ 18 አለው። ለአልበሙ ቅርፅ ዳር ዳሩን ብትቆርጡት እንኳ 290 ዲፒአይ ገደማ ይቀራችኋል፤ ልዩነቱን በዓይኑ የሚለይ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ሙሽሮቹ ደግሞ ፎቶውን በቴሌግራም ነው የሚላላኩት፤ በፋይል ካልተላከ ጨምቆ ትንሽ ያደርገዋል። እና 45 ሜጋ ፒክስል ገዝታችሁ የምትሞሉት ሃርድ ዲስክ ነው።

ብርሃን ግን እውነተኛ ችግር ነው። ዳስ ውስጥ፣ በጄኔሬተር አምፖል ሥር፣ ኤፍ 4 ላይ አይኤስኦ 6400 ጣሪያዬ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ አለች። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 1.8 ስትወርዱ ሌንሱ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ 6400 የነበረው ወደ 1300 ይወርዳል ማለት ነው። ከክሮፕ ወደ ፉል ፍሬም ስትሻገሩ ደግሞ የሰንሰሩ ስፋት በካነን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ግን አንዷ ትንሽዬ ፕላስቲክ ሌንስ ናት፣ ሌላው የአንድ ክረምት ገቢ ነው። ስለዚህ 600ዲ ይዘህ «ቦዲ ልቀይር?» ያልከኝ ወንድሜ፣ ሃምሳ ኤፍ 1.8 ከሌለህ ጥያቄህ ገና አልደረሰም። በአንተ ካሜራ ላይ ሃምሳዋ እንደ 80 ትሆናለች፤ ፊት ለማንሣት ግሩም ናት፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳ ታስደግፍሃለች። 18-55ህን ግን ወደ ፉል ፍሬም ይዘህ አትሻገርም፤ ኢኤፍ-ኤስ ስለሆነ 6ዲ ላይ አይገጥምም።

አሁን ወደ ሚረርለስ። አንድ የጎንደር ጓደኛዬ አንድ ማታ የካነን አር6 አውሶኝ ሠርቼበታለሁ። አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ። እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ካሜራው ዓይኑን ይዞ አይለቅም። የእኔ 6ዲ 11 የትኩረት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ከነሱም በጨለማ የምተማመነው የመሐሏን ነው። እሷ ግን በጨረቃ ብርሃን እንኳ የምትይዝ ጀግና ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሠርግ ሲሆን ሚረርለሱ ድምፅ አያሰማም፤ የእኔው «ቀጭ» ባለ ቁጥር ዲያቆኑ ዞር ብሎ ያየኛል። ቪዲዮማ አይነሣ፤ 6ዲ ቪዲዮ እየቀረፀ ራሱ ትኩረት አይከተልም፣ 4ኬ የለውም። ዋና ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ እዚህ ላይ ማንበባችሁን አቁሙና ሚረርለስ ግዙ፤ ክርክር የለኝም።

እኔ ግን ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ቆላ ነው ያለሁት። የካነን መመሪያ ካሜራው የሚሠራበትን ሙቀት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ብሎ ይወስናል። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 40ን ማለፍ ዜና አይደለም። ያው አር6 በ23 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 4ኬ ሲቀርፅ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ በሙቀት እንደሚያቆም ኩባንያው ራሱ ሲወጣ ተናግሯል፤ 23 ዲግሪ እኛ ዘንድ ብርድ ነው። ባትሪም አለ። 6ዲ በአንድ ባትሪ 1090 ፎቶ ተብሎ ተመዝኗል፤ አቅማችን ሊደርስበት የሚችለው ሚረርለስ፣ አርፒ፣ 250። በተግባር ሁለቱም ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፣ ጥምርታው ግን ያው ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በጎረቤት ጄኔሬተር ቻርጅ ያደረገ ሰው ይህን ቁጥር ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ አቧራው። የእኛ ዋልካ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው፣ በበጋ ደግሞ እንደ በርበሬ የላመ ዱቄት። የድሮው ካሜራ ሌንሱ ሲነቀል ሰንሰሩ ፊት መስታወትና ሻተር ቆመውለት ነው። ብዙ ሚረርለስ ላይ ሰንሰሩ ራቁቱን ነው። አር6ን የመሰሉ አንዳንዶቹ ሲጠፉ ሻተራቸውን ይዘጋሉ፤ ግን በሠርግ ግርግር ማን አጥፍቶ ሌንስ ይቀይራል?

  

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ያን ቀን አር6 ይዤ ቢሆን ኖሮ ፎቶውን አገኘው ነበር? በ24-105 ላይ ከቆየሁ ምናልባት። ሌንስ ከቀየርኩ ግን ያው ነበር፤ እንዲያውም አቧራውን ፈርቼ ይበልጥ እዘገይ ነበር። የጎደለኝ አንገቴ ላይ ሃምሳዋን ገጥሞ የተንጠለጠለ ሌላ ካሜራ ነበር። የሸጥኩት 600ዲ እንኳ ያድነኝ ነበር።

ስለዚህ የምገዛው ሌላ 6ዲ ነው። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን፣ ያንኑ። ስናገር የሳቀብኝ አለ፤ ይሳቅ። ባትሪው አንድ፣ ቻርጀሩ አንድ፣ ቁልፎቹ ጣቴ በጨለማ የሚያውቃቸው። አንዱ ቢበላሽ ጥገና ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን እንኳ ሄዶ እስኪመለስ የጥር ሠርግ አልቆ ጾም ይገባል። በሌላው እጨርሳለሁ። የ6ዲ ትልቅ ጉድለት የሚወስደው ሚሞሪ ካርድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሁለት ካሜራ ሲሆን ሠርጉ በሁለት ካርድ ይከፈላል፣ አንዱ ካርድ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። 5ዲ ማርክ 3ን አላሰብኩትም አልልም። ሁለት ካርድ ይወስዳል፣ 61 ነጥብ አለው፣ ባትሪውም ያው ነው። ዋጋው ግን ያለኝን ፍላሽ ሊያሸጠኝ ሆነ፤ ያለ ፍላሽ ደግሞ ዳስ አልገባም።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከመቶ ማለፉን ታስታውሳላችሁ። ካሜራ የሚገባው በዶላር ነው፤ ሙሽራ የሚከፍለኝ በሰሊጥ ነው። የእኔን ዋጋ በእጥፍ ላድርግ ብል ማን ይሰማኛል? «የዚህ ካሜራ ዘመኑ አልፏል» ለሚሉኝም፣ ልክ ናችሁ፤ ካነን ትልቁን የዲኤስኤልአር ካሜራውን ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ግን የኢኤፍ ሌንሶቼ በአዳፕተር አዲሶቹ ላይ ትኩረታቸውን ሳያጡ ይሠራሉ። ነገ ብሻገር ሌንሶቼ አብረውኝ ይሻገራሉ፤ ለዚህ ነው በሌንስ የማልሳሳው። ኒኮን የያዛችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶች በኒኮን አዳፕተር ላይ በእጅ ካልሆነ አያተኩሩም።

ያገለገለ ስትገዙ ደላላው የሚልከውን የውጪ ፎቶ አትመኑ። እኔ አንዴ ሳሎን ላይ እንዳለ ብርጭቆ የሚያበራ ሌንስ ገዝቼ፣ ሲደርስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ሆኖ አገኘሁት፤ የሻጩን ስም አልጠራም። አሁን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሌንሱን ከኋላ በስልክ መብራት አብርተው ቪዲዮ ይላኩልኝ። ቦዲ ከሆነ በኤፍ 16 ሰማይ አንሥተው ፎቶውን በፋይል ይላኩ፤ ሰንሰር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ይታያል። 6ዲ ስንት ጊዜ እንደተነሣበት በፎቶው መረጃ ውስጥ አይጻፍም፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ያስፈልጋል። ሻተሩ የተሠራው ለ100 ሺህ ነው፤ 90 ሺህ የደረሰ ከሆነ «እንደ አዲስ ነው» የሚለውን ወሬ ለሌላ ሰው ይንገሩት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዕቃችሁን በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን በምታገኟት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር አስቀምጡት፤ ለእንጀራ የሚመች እርጥበት ለሌንስ አይመችም።

ቦዲው ሐሙስ በጎንደር መኪና ይደርሳል፤ ሻተሩ 61 ሺህ ላይ ነው፣ የላኩልኝ ሰማይም ንጹሕ ነው። ሲደርስ መጀመሪያ የማደርገው የሁለቱን ሰዓት እስከ ሰከንዱ ማስተካከል ነው፤ አለበለዚያ ኤዲት ላይ ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት ትመለሳለች። ከዚያ ሃምሳዋ ባለችበት ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ በግርግር እንዳይምታቱብኝ። የመጀመሪያው ሠርግ ጥር 14 ነው። ሙሽራዋ የእኚያው አባት ሁለተኛ ልጅ ናት፤ ማን ያነሣል ብለው ሳያማርጡ ነው የደወሉልኝ።