ዕዳ ከአቅም በላይ ሲሆን፦ የግል ኪሳራ በአሜሪካ

በአሜሪካ ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው በፌዴራል ፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ ይችላል። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሲሆን በ2005 ጠበቅ ተደርጎ ተሻሽሏል። የሕጉ መነሻ ሐሳብ ቀና ባለዕዳ ዕድሜ ልኩን በዕዳ ተይዞ መቅረት የለበትም የሚል ነው።

ማመልከቻው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ አበዳሪዎች በአብዛኛው እጃቸውን ይሰበስባሉ። የዕዳ ሰብሳቢ ስልክ፣ የደመወዝ ቆረጣና የቤት ሐራጅ ባሉበት ይቆማሉ።

ግለሰቦች የሚጠቀሙባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። «ቻፕተር 7» በተለይ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነው። ባለአደራ ተሾሞ ንብረቱን ይመረምራል፤ ሕግ ከሚጠብቀው በላይ የሆነ ካለ ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል። የቤት ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያ፣ እስከ ተወሰነ ዋጋ ድረስም መኪና በአብዛኛው ስለማይነኩ ብዙ ሰው የሚሸጥበት ነገር የለም። የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ይሰረዛል። «ቻፕተር 13» ደግሞ ቋሚ ገቢ ላለው ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ እየከፈለ፣ የተጠራቀመ የቤት ዕዳውን አቃልሎ ቤቱን ሊያተርፍ ይችላል።

የማይሰረዝ ዕዳም አለ፦ የልጅ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ በማጭበርበር የመጣ ዕዳ። የተማሪ ብድርም ከባድ ችግር መኖሩ ካልተረጋገጠ በቀር አይሰረዝም። መኪናውን በብድር የገዛ ሰው መኪናው እንዲቀርለት ክፍያውን መቀጠል አለበት።

በዘመድ መካከል ያለ ብድር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ባለዕዳው «የወንድሜን ገንዘብ አስቀድሜ ልመልስ» ብሎ ከማመልከቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከከፈለ፣ ባለአደራው ገንዘቡን ከወንድሙ ሊያስመልስ ይችላል። በ«ቻፕተር 7» ዕዳው ቢሰረዝለትም፣ ዋስ ሆኖ የፈረመለት ዘመዱ ከተጠያቂነት አይድንም። ያልተከፈለ የዕቁብ ዕዳም ቢሆን ከሌሎቹ ጋር መመዝገብ አለበት፤ ሆን ብሎ ንብረት መደበቅ ወንጀል ነው።

ኪሳራው በብድር ታሪክ መዝገብ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። በ«ቻፕተር 7» ዕዳ የተሰረዘለት ሰው በዚያው መንገድ እንደገና ለመጠቀም 8 ዓመት መጠበቅ አለበት። ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥም የብድር ምክር መውሰድ ግዴታ ነው። ጠበቃ ማማከር የሚበጀው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው፤ ብዙዎች በሕግ የተጠበቀ የጡረታ ቁጠባቸውን አውጥተው፣ ሊሰረዝ ይችል በነበረ ዕዳ ላይ ይጨርሱታልና።