ኢልግ የተባለው የጀርመንኛ ስም፤ ትርጉሙና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ጋር የተወለደች ከተማ መሆኗን የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን አይገኝም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ፣ ዛሬ ከዚራና መጋላ በምንላቸው ሰፈሮች ላይ ይህ ነው የሚባል ከተማ አልነበረም። ለዚህ ሐዲድ ሥራ በ1886 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበሉት መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ መሆናቸውን ብዙዎች ሰምተዋል፤ ኢልግ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ተራ የስም ጨዋታ መስሎ ቢታይም፣ ተከታትለው ሲሄዱት መድረሻው የነጋዴው የሰነድ ማኅደር ነውና፣ አንባቢዎቻችን ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡት እንለምናለን።

ሙሴ ኢልግ ስማቸው ጀርመንኛ ይሁን እንጂ ጀርመናዊ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1854 በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወልደው፣ በዙሪክ የምህንድስና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። እ.ኤ.አ. በ1879 በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ መጡ። ንጉሡ የእጃቸውን ሥራ ለመፈተን አስቀድመው ጫማ እንዲሠሩ እንዳዘዟቸው ይተረካል። ከዚያ በኋላ ድልድይ ሠርተዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገብተዋል፤ በውጭ ጉዳይም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነዋል። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት እጅግ የሚከብድ ስለ ነበረ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በተራራው ግርጌ የተቆረቆረችውም ጣቢያ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሙሴ ኢልግ ከዚያ ቀደም ብለው በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ስላረፉ የሥራቸውን ፍጻሜ በዓይናቸው ለማየት አልታደሉም።

ሙሴ ኢልግ ሲመጡ አብረዋቸው የመጡት ሁለት ስዊሳውያን የእጅ ባለሙያዎች ዚመርማንና አፐንዜለር ይባሉ ነበር። እነዚህ ሦስት ስሞች ጎን ለጎን ሲታዩ የጀርመንኛን ስም አሠራር እንደ መማሪያ ሰሌዳ ያሳዩናል። ዚመርማን ማለት አናጢ ማለት ነው፤ ከሥራ የመጣ ስም ነው። አፐንዜለር ማለት የአፐንዜል አገር ሰው ማለት ነው፤ ከትውልድ ስፍራ የመጣ ስም ነው። ኢልግ ደግሞ የአባት ስም ነው። ከእነዚህ ሌላ ከመልክ ወይም ከጠባይ የወጡ፣ ክላይን ማለትም ትንሽ፣ ሽቫርትስ ማለትም ጥቁር እንደሚባሉት ያሉ ስሞች አሉ። በጀርመን ከተሞች ሕዝቡ እየበዛና በአንድ ስም የሚጠሩ ሰዎች እየተበራከቱ ሲሄዱ፣ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሰዎች በእነዚህ ቅጽሎች ይለዩ ጀመር፤ ቅጽሉም ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተ ዘመድ ስም ሆነ።

የኢልግ ምንጩ ኤጊዲዩስ የተባለው የቅዱስ ስም ነው። ይህ ቅዱስ በደቡብ ፈረንሳይ በኒም ከተማ አቅራቢያ በምናኔ የኖረ ሲሆን፣ በዓሉም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1 ቀን ይከበራል። ስሙ በየአገሩ ሲዞር መልኩን ለወጠ፤ ፈረንሳዮች ዢል፣ እንግሊዞች ጃይልስ አሉት። የደቡብ ጀርመን ገበሬ ረጅሙን ቃል አሳጥሮ ጊልግ አለው፤ ከጊልግም የፊተኛው ድምፅ ወደቀና ኢልግ ሆነ። የስሙ ሥር ግን ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የፍየል ግልገል ማለት ነው። እንግዲህ ከሐረርጌ ደጋና ቆላ የሚሰበሰበውን የፍየል ሌጦ በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሲልክ የኖረው የድሬዳዋ ነጋዴ፣ የባቡሩን ፈቃድ ያስገኙት ሰው ስም የግልገል ስም መሆኑን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ስለ ስሙ መብዛትና ማነስ የተነሣ እንደ ሆነ፣ ኢልግ ከብዙኃኑ ስሞች ወገን አይደለም። በጀርመን አገር ከሁሉ የሚበዛው ሙለር ነው፤ ትርጉሙም ባለ ወፍጮ ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሽሚት ማለትም ብረት ሠሪ፣ ሽናይደር ማለትም ልብስ ሰፊ፣ ፊሸር ማለትም ዓሣ አጥማጅ፣ ቬበር ማለትም ሸማኔ ይመጣሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በየመንደሩ ወፍጮና የብረት መቀጥቀጫ አይታጣም ነበርና፣ እነዚህ ስሞች እርስ በርስ በማይተዋወቁ ብዙ ስፍራዎች ሁሉ ተወለዱ። የእኛም ሙያ ድርሻውን አላጣም፤ ካውፍማን ነጋዴ፣ ክሬመር ባለ ሱቅ፣ ገርበር ቆዳ አልፊ ማለት ነው። ኢልግ ግን በደቡብ ጀርመን፣ በምሥራቅ ስዊስና በምዕራብ ኦስትሪያ በፎራርልበርግ አውራጃ ተወስኖ የቀረ ስም ነው። የፎራርልበርግ አገረ ገዥ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1964 የሠሩት ሰው ኡልሪሽ ኢልግ ይባሉ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንድረስ። ኢልግ በመጀመሪያ እንደ እኛ የአባት ስም ነበረ፤ አንድ ሰው የኢልግ ልጅ ስለ ሆነ ኢልግ ተባለ። ነገር ግን በአንድ ትውልድ ላይ ስሙ እንደ ውኃ ረጋና ለልጅም ለልጅ ልጅም ሳይለወጥ ተላለፈ። በእኛ አገር ግን የአባት ስም በየትውልዱ ይፈስሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ መጠሪያና የአባት ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ የለመደውን አልተወም።

ይህ ልዩነት በንግድ ላይ የሚያስከትለውን በምሳሌ እንየው። አቶ ግርማ በቀለ የተባሉ ነጋዴ ከአንድ የጀርመን ቤት ጋር ሠላሳ ዓመት ሲጻጻፉ ኖሩ እንበል። የጀርመኑ ቤት የኋለኛውን ስም የቤተ ዘመድ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ በመዝገቡ ላይ ሄር በቀለ ብሎ ይጽፋቸዋል። አቶ ግርማ አርጅተው ሱቁን ልጃቸው አቶ ሰሎሞን ግርማ ሲረከቡ፣ የሚላከው ደብዳቤ የሄር ግርማ ሆኖ ይደርሳል። ለጀርመኑ በቀለና ግርማ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች ናቸው። በአባት ስም ለተገዛው ዕቃ የተሰጠው የዱቤ ጊዜ ለልጅ ሊከለከል፣ በሠላሳ ዓመት የተገነባው አመኔታም እንደ አዲስ ሊጀመር ይችላል። ባንክ ደግሞ የሚመረምረው ዕቃውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው፤ በባንኩ የመተማመኛ ሰነድ ላይ ያለው ስም በጭነቱ ሰነድና በፋክቱሩ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ፣ ክፍያው እስኪታረም ድረስ ይቆያል፤ ዕቃውም በወደብ ላይ ኪራይ ይቈጥራል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንመክራለን። አንደኛ፣ ነጋዴው ስሙን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስኖ፣ በፓስፖርቱ፣ በንግድ ፈቃዱ፣ በማኅተሙና በባንክ ሒሳቡ ላይ አንድ ፊደል ሳይለወጥ እንዲጽፍ፤ ሁለተኛ፣ ከአዲስ ደንበኛ ጋር መጻጻፍ ሲጀምር የኋለኛው ስም የአባቱ እንጂ የቤተ ዘመዱ አለመሆኑን በመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲያስታውቅ፤ ሦስተኛና ዋናው፣ ቤቱ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ እንዲኖር የሚሻ ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስም እንዲያስመዘግብ። በሕጉ መሠረት የተመዘገበ የንግድ ስም፣ ልጅ አባቱን ሲተካ የማይለወጥ፣ ለነጋዴ የረጋ የቤተ ዘመድ ስሙ ነውና።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሙሴ ኢልግ ስም እስከ ዛሬ የዋለው ሥራቸው ስላቆመው ነው። የእኛም ነጋዴ በሥራው ያፈራው መልካም ስም ለልጁ ሳይደርስ በወረቀት ስሕተት እንዳይጠፋበት፣ ገንዘቡን በሚጠብቅበት ጥንቃቄ ስሙንም ሊጠብቅ ይገባዋል።