ባሌስትራ ወይስ ፌሮ?

ደብረ ማርቆስ ገበያ ማጭድ የሚገዛ ሰው ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ እጀታውን ይነቀንቃል፣ ዋጋ ያስቀንሳል። ከምን ብረት እንደተሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጤፉ አጨዳ ሳያልቅ ማጭዱ ሲዶለዱም ታዲያ «የድሮ ዕቃ ቀረ!» ይባላል።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር የሚለውን አልቀበልም። ጥንት ብረት በአገር ቤት ምድጃ ከድንጋይ ይቀልጥ ነበር፤ ጥራቱ ከምድጃ ምድጃ ይለያይ ነበር። የተሻለው ብረት የመጣው ከመኪና ጋር ነው። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህ መንገዱና ካሚዮኑ ሲበዛ፣ የተሰበረው ባሌስትራ (የመኪና ሞላ) ወናፍ ፊት ደረሰ። አባቶቻችን የሚያወድሱት መጥረቢያ ብዙ ጊዜ የካሚዮን ባሌስትራ ነው።

የባሌስትራና የፌሮ ልዩነት ካርቦን ነው። በባሌስትራ ውስጥ ከመቶ 0.6 ገደማ ይገኛል፤ በቤት መሥሪያው ፌሮ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ቀጥቃጩ ባሌስትራውን በእሳት አግሎ፣ ሲቀላ ውሃ ውስጥ ሲነክረው እንደ መስተዋት ይጠነክራል። እንደዚያው ከተተወ ግን በመጀመሪያው ጉቶ ይሸረፋል። ስለዚህ ስለቱን ፈግፍጎ ካበራ በኋላ ከእሳቱ ዳር በቀስታ መልሶ ያሞቀዋል፤ ብረቱ ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም ይሮጣል። የት ላይ ማስቆም እንዳለበት የሚያውቀው ዓይኑ ነው፤ ለማጭድ ቀደም ብሎ፣ ምት ለሚበዛበት መጥረቢያ ቆየት ብሎ። ፌሮ ግን ቢነክሩት የረባ ጥንካሬ አያገኝም። ይህን የሚያውቅ ሰው ላይ «ቡዳ» የሚል ስም መለጠፍ ነውር ነው፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ብዙ ዘመን አልፏል።

እዚህ ላይ ገዢንም እወቅሳለሁ። የመጥረቢያ እጀታ ሲሰበር ስንጣሪውን ለማውጣት ብረቱን እሳት ውስጥ የሚጥል ሰው አሁንም አለ። ያ እሳት ቀጥቃጩ የደከመበትን ጥንካሬ በአንዴ ያጠፋዋል። እንጨቱን በብረት ቆርቁሮ ወይም በስቶ ማውጣት ይቻላል። በኤሌክትሪክ ሞረድ ስለቱን ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ የሚስልም ያው ጥፋት ይሠራል።

ሲገዙ ትንሽ ሞረድ ይያዙና ባለቤቱን አስፈቅደው ስለቱን ይሞክሩ። ሞረዱ ጨርሶ ካልያዘ በጣም ደረቅ ነው፤ በእጅጉ ቆርሶ ከገባ ለስላሳ ነው፤ በጭንቅ የሚነክሰው ይሻላል።

ዋጋውን በተመለከተ የብር አቅም ራሱ ተቀይሯል። ዶላር እስከ 1985 ድረስ በ2.07 ብር ነበር፤ ያኔ ወደ 5 ተደረገ። በሐምሌ 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ከ57 አካባቢ ወጥቶ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚገባው ሞረድና የፋብሪካ ዶማ ዋጋው ይህን ይከተላል። የደብረ ማርቆስ ማጭድ ከዶላር የራቀ ይመስላል፤ ግን የባሌስትራው ቁርጥራጭ ከውጭ ከገባ መኪና የወረደ ነው፤ ቀጥቃጩም የሚገዛው ከሌላው ብረት ሰብሳቢ ጋር ተሻምቶ ነው። በፌሮ የሚሠራው ማጭድ ከባሌስትራው የረከሰውም በከፊል ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዋጋ ብቻ የሚያወዳድር ገዢ፣ ባሌስትራ የሚቀጠቅጠውን ሰው ከገበያው ያስወጣዋል።