ተኳሽ ምን ያያል? ስለ ነፍጥ ማነጣጠር ብልኀት

በአገራችን ስለ ነፍጥ የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን የሚበዛው ስለ መሣሪያው አገባብ፥ ስለ ንግዱና ስለ ጦርነቱ ነው። ነፍጡን ያነገተው ሰው በምን ብልኀት ዒላማውን እንደሚመታ ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። የባህል አጥኚ ወደ ገጠር ወርዶ ስለ አንድ ዝነኛ ተኳሽ ቢጠይቅ «እጁ አይስትም» ወይም «ዓይኑ ስል ነው» ይሉታል፤ እርሱም ይህንኑ ጽፎ ይመለሳል። ይህ ማሞገስ ነው እንጂ ማስረዳት አይደለም።

ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ስለ ሰውነት ብልኀቶች ባሰማው ንግግር፥ አረማመድ፥ ዋናና ቍፋሮ እንኳ ከማኅበረ ሰብ የሚወረስ ትምህርት መሆኑን አስረድቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች በፈረንሳይ አካፋ መሥራት እንዳቃታቸው ያየውን በምሳሌነት ጠቅሷል። ማነጣጠርም ከዚሁ ወገን ነው፤ እንዲያውም የሚሠራው በዓይን ውስጥ ስለ ሆነ ለተመልካች ከአካፋው ይልቅ የተሰወረ ነው።

የብረት ማነጣጠሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከቃታው ፊት ያለው፥ መካከሉ የተሰነጠቀ ብረት ነው፤ ሁለተኛይቱ በአፈ ሙዙ ጫፍ ላይ የቆመች ትንሽ ብረት ናት። ለአጻጻፍ እንዲያመች የመጀመሪያውን ስንጥቅ፥ ሁለተኛይቱን ጉጥ እንላቸዋለን። ተኳሹ ጉጧን በስንጥቁ መካከል ያገባል፤ በግራና በቀኝ የሚታየው ብርሃን እኩል፥ የጉጧም ራስ ከስንጥቁ ትከሻ ጋራ ትክክል መሆን አለበት። ጉጧ ወደ ቀኝ ከሄደች ጥይቱ ወደ ቀኝ፥ ከትከሻው ከፍ ካለች ጥይቱ ወደ ላይ ይሄዳል።

ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ስንጥቁ፥ ጉጧና ዒላማው በሦስት ልዩ ልዩ ርቀት ላይ ይገኛሉ፤ የሰው ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው። ለማጅ ሁሉ ዒላማው ላይ ያፈጣል። የሠለጠነ ተኳሽ ግን ጉጧን አጥርቶ ያያል፤ ዒላማው ቢደበዝዝበትም ግድ የለውም።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ስሌቱ ያሳያል። በስንጥቁና በጉጧ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ነው እንበል። ጉጧ 1 ሚሊሜትር፥ ማለት የአንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል፥ ብትዛነፍ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር፥ በ200 ሜትር ላይ 40 ሳንቲሜትር ይስታል። ሁለቱ ብረቶች ተስተካክለው ሳለ ግን ዒላማው በመደብዘዙ አንድ ጋት ብንሳሳት፥ ጥይቱ የሚስተው ያንኑ አንድ ጋት ነው። የፊተኛው ስሕተት ከርቀቱ ጋራ ያድጋል፤ የኋለኛው ባለበት ይቆያል። «አለመ» የሚለው ግሥ የሰሚውን ልብ ወደ ሩቁ ዒላማ ይወስደዋል፤ ዋናው ሥራ ግን ክንድ በሚደርስበት ቦታ ይፈጸማል።

ትንፋሽን መግታትና ምላጩን ሳይመነጭቁ ቀስ ብሎ መሳብ በማናቸውም የወታደር ትምህርት ስለሚነገር እዚህ አናስፋፋውም። ስለ ርቀት ግን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፉዚ ግራ የተባለውንና ሕዝባችን ውጅግራ ብሎ የሰየመውን የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ እንውሰድ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ከገቡት አንዱ ነው። የአፉ ስፋት 11 ሚሊሜትር፥ የጥይቱ ፍጥነት ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ነው። ጥይቱ 200 ሜትር እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህች ቅጽበት ከ1 ሜትር በላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስንጥቁ ከጉጧ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ሲያይ አፈ ሙዙ በስውር ወደ ላይ ይቀናል። በርቀት ቍጥር የተከፈለውና እየተነሣ የሚተኛው ሰሌዳም ለዚሁ የተበጀ ነው። ሰሌዳውን ለ200 ሜትር እንዳሰናዳ 400 ሜትር ላይ ያለውን ነገር የሚያልም ሰው ጥይቱ ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ዝቅ ይልበታል። ሰሌዳውን የማይነካ ተኳሽ ይህን ለማካካስ ከዒላማው በላይ ያልማል፤ ምን ያህል በላይ እንደሚያልም የሚነግረው መጽሐፍ አይደለም፤ የቆየ ልምዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አጥኚን ሊያስት የሚችለው የእርጅና ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ በማዶ ተረተር ላይ የሚሄደውን ሰው ለይተው ያውቃሉ፤ ዒላማውን ግን ይስታሉ። ጎረቤት «እጃቸው ተንቀጠቀጠ» ይላል፤ ምናልባትም እውነት ይሆናል። ነገር ግን ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የዓይን ሌንስ ቅርቡን አጥርቶ የማየት ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ስንጥቁ፥ ቀጥሎ ጉጧ ትደበዝዛለች፤ ተረተሩ ግን እንደ ጥንቱ ጠርቶ ይታያል። «ዓይኑ ስል ነው» የሚለው ቃል እነዚህን ሁለት ዓይነት እይታዎች አይለይም።

ስለዚህ ጠያቂው ነፍጡን ሽማግሌው እጅ ላይ አስይዞ፥ ባዶ መሆኑንም አረጋግጦ፥ «እንዴት ያልማሉ?» ከማለት ይልቅ «ከሦስቱ የትኛው ጠርቶ ይታይዎታል? በጎልማሳነትዎስ የትኛው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ከዚያም ማን እንዳስተማራቸው፥ በስንት ዓመታቸው እንደ ተማሩ፥ አንዱን ዓይን ይጨፍኑ እንደ ነበረ ቢመዘግብ፥ እስካሁን በመዝገባችን የሌለ ነገር ያገኛል።